አደባባዩ ላይ ማን ይቅደም? ልምድ ያለው ሹፌርስ እንደገና ለማጅ ይሁን?

የክርክሩ መነሻ፦ ከደቡብ ለንደን፣ የኪራይ መኪና ሹፌር

ወገኖቼ፣ ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። አገር ቤት ብዙ ዓመት ያሽከረከርን ሰዎች ብሪታንያ ስንመጣ በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ መንዳት የምንችለው ለ12 ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ጀማሪ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና ማለፍ አለብን። ይህ ተገቢ ነው ወይስ በደል? ብዙ ጓደኞቼ በደል ነው ይላሉ። እኔ ተገቢ ነው እላለሁ፤ እንዲያውም ያንሳል ባይ ነኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ 11 ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ። አደባባይ ለእኔ በድፍረት የሚታለፍ ቦታ ነበር። የመኪናውን አፍንጫ ቀድሞ ያስገባ ያልፋል፣ ትልቁ ትንሹን ያስቆማል፣ ሲቆላለፍ ደግሞ ትራፊክ ፖሊሱ በእጁ ይፈታዋል። እዚህ ስመጣ ሁሉ ነገር ተገለበጠብኝ። መሪው በቀኝ፣ ጉዞው በግራ፣ አደባባዩ የሚዞረው እንደ ሰዓት ቆጣሪ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው በቀኝ በኩል ለሚመጣው። ተማርኩ፣ ተፈተንኩ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አለፍኩ። ከዚያ ወዲያ የምማረው ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ባለፈው ኅዳር፣ ገና ሳይነጋ፣ ዝናብ እየጣለ ሁለት ረድፍ ያለው አደባባይ ውስጥ ገባሁ። ሐሳቤ በቀጥታ ማለፍ ነበር። በግራዬ፣ በውጭኛው ረድፍ፣ አንድ ብስክሌተኛ አብሮኝ ይዞራል። መውጫዬ ጋ ስደርስ የግራ ፍሬቻ አበራሁና መሪውን አጠፍኩ። እሱ ግን አልወጣም፤ ዙሪያውን ቀጠለ። ፍሬን ስረግጥ ጓንት ያጠለቀ መዳፉ ኮፈኔ ላይ አረፈ። አልወደቀም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መስኮት ከፍቼ የጮኽኩት ግን እኔ ነበርኩ። «ወደ ቀኝ የምትሄድ ከሆነ በግራ ረድፍ ምን ትሠራለህ?» አልኩት። «መብቴ ነው» አለኝና ሄደ።

ቤቴ ገብቼ ሃይዌይ ኮድ የሚባለውን የመንገድ መመሪያ አነበብኩ። ከጃንዋሪ 29 ቀን 2022 ጀምሮ ተሻሽሏል። አንቀጽ 186 አደባባይ ላይ ላለ ብስክሌተኛ ቅድሚያ ስጡ፣ ወደ ቀኝ የሚዞር ቢሆንም በግራ ረድፍ መቆየት ይችላል፣ አታቋርጡበት ይላል። እኔ ያለፍኩት በ2016 ነው፤ ሕጉ ከእጄ ላይ ተቀይሮ አላወቅኩም። ስለዚህ አዲስ መጤው ብቻ ሳይሆን መመሪያው በተለወጠ ቁጥር ሁላችንም የጽሑፉን ፈተና እንደገና እንፈተን እላለሁ።

ከሰሜን ለንደን፣ 22 ዓመት በሹፌርነት የሠራ

ወንድሜ፣ ሰውየው ስላልተጎዳ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ከአንድ ድንጋጤ ተነሥተህ በሁላችንም ላይ ቀንበር አትጫን።

እኔ ከባድ መኪና ከአሰብ እስከ አዲስ አበባ የነዳሁ ሰው ነኝ። እዚህ መጥቼ የለማጅ ምልክት ኮፈኔ ላይ ለጥፌ፣ ልጄ ከሚያህል አሠልጣኝ ጎን ተቀምጬ ተማርኩ። ለጽሑፉ 23፣ ለተግባሩ 62 ፓውንድ ይከፈላል፤ ትምህርቱ የሚበላው ገንዘብና የተግባር ፈተናው ቀጠሮ እስኪደርስ የሚጠበቀው ወራት ግን ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ያን ሁሉ ወር ቤተሰብ ምን ይብላ? ፈተናውን ካለፍክ በኋላም ለሁለት ዓመት እንደ አዲስ ነጂ ትቆጠራለህ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ 6 የቅጣት ነጥብ ከተመዘገበብህ ፈቃድህ ይሰረዝና ከዜሮ ትጀምራለህ። የእኔ የዳገትና የቁልቁለት ዓመታት ለመንግሥት መዝገብ ምንም አይደሉም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህ ነው። ካናዳዊው መንጃ ፈቃዱን ያለ ፈተና በብሪታንያው ይቀይራል። ካናዳ የሚነዳው በቀኝ ነው፣ ልክ እንደ እኛ። የካናዳ አደባባይም የሚዞረው እንደ እኛው ነው። ዓይኑ ወደ ግራ የለመደ ሰው ያው ዓይን ይዞ እዚህ ይገባል፣ ማንም አይፈትነውም። እኔ ግን እፈተናለሁ። ልዩነቱ አደባባዩ ከሆነ እሱም ይፈተን፤ ካልሆነ እውነቱ ይነገረን።

ስለ መመሪያውም ልናገር። አንቀጽ 186 «ይገባል» ይላል እንጂ «ግዴታ ነው» አይልም። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱ ቃላት ሆን ተብለው ተለይተዋል። ግዴታ የተባለው ሕግ ነው፣ ይገባል የተባለው ምክር ነው። በምክር ምክንያት ሚሊዮን ሰው እንደገና ይፈተን ይባላል? በ1985 ያለፈው እንግሊዛዊ ጎረቤቴ መጽሐፉን ከዚያ ወዲህ ገልጦት አያውቅም። መጀመሪያ እሱን ጠይቁልኝ።

ከስቶክዌል፣ በብስክሌት የምትመላለስ የአረጋውያን ተንከባካቢ

ጋሼ፣ በእርስዎ ላይ የደረሰው ድካም ይገባኛል፤ ባለቤቴም በዚያው መንገድ ነው ያለፈው። ግን ከብስክሌቱ ላይ ሆኜ የማየውን ልንገርዎ።

ሥራዬ በፈረቃ ነው። አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ መቀያየር ስላለብኝ ከሦስት ዓመት ወዲህ በብስክሌት እሄዳለሁ። መንገዴ ላይ አንድ አደባባይ አለ፤ እሱን ሳስብ ከቤት ሳልወጣ ሆዴ ይሸበራል። መሐል ረድፍ ገብቼ ከመኪና እኩል መሮጥ አልችልም፣ ጉልበቴ አይፈቅድም። ስለዚህ ግራዬን ይዤ ቀስ ብዬ እዞራለሁ። እያንዳንዱን መውጫ ሳልፍ ከጀርባዬ ያለው መኪና ይቆርጥብኝ ይሆን እያልኩ ትከሻዬን አኮማትራለሁ። አንድ ማታ የአንዱ ስፖኪዮ ክርኔን ነክቶ አለፈ። ቀና ስል ከመስታወቱ ላይ መቁጠሪያና ባለ ሦስት ቀለም ሪባን ተንጠልጥሏል። የእኛ ሰው ነበር። አላየኝም። ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ተሳፋሪ ጭኖ ቸኩሎ ነበር፣ ዓይኑም ቀኙን እያየ ነበር።

ይህ ሰው ፈተና አልፏል ጋሼ። ያላለፈ ሰው ተሳፋሪ አይጭንም። ስለዚህ የክርክሩ መነሻ አቅራቢ ያቀረበውም ሐሳብ አያሳምነኝም። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ትክክለኛውን መልስ መንካትና ጨለማ ውስጥ እኔን ማየት ለየብቻ ናቸው። «ምክር ነው» የሚለው ክርክር ግን በጣም አሳዘነኝ። እኔ ስወድቅ አስፋልቱ ምክር ነው ወይስ ግዴታ ብሎ አይጠይቅም።

ከፍራንክፈርት፣ የፋብሪካ ሠራተኛ

ከሩቅ ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር። ጀርመን ከእንግሊዝ ይከብዳል፤ የኢትዮጵያ ፈቃድ የሚያገለግለው 6 ወር ብቻ ነው፣ ሁለቱም ፈተና አለ። የጽሑፉን ፈተና ከጀርመንኛ ሌላ በ12 ቋንቋዎች መውሰድ ይቻላል፤ አማርኛ አንዱ አይደለም።

አደባባይን በተመለከተ እዚህም ደንቡ ተለውጧል። ከ2001 ጀምሮ ክቡ ሰማያዊ ምልክትና የቅድሚያ ስጥ ምልክት አብረው ከተተከሉ ውስጥ ያለው ይቀድማል። ስትገባ ፍሬቻ ማብራት ክልክል ነው፤ ስትወጣ ግን ግዴታ ነው። ምልክቶቹ ከሌሉ በቀኝ የሚመጣው ይቀድማል፤ ማለትም የሚገባው መኪና ውስጥ ያለውን ያስቆመዋል። እህቴን ልጠይቅ ሚልተን ኪንስ መጥቼ መኪና ተከራየሁ። ያቺ ከተማ በአደባባይ የተሞላች ናት። በመጀመሪያው ቀን እንደ ጀርመን ፍሬቻ ሳላበራ ወደ ቀኝ ልዞር ገባሁና ከኋላዬ ያለው ሁሉ ግራ ተጋባ። እኔ የጀርመን ፈቃድ ስላለኝ ያለ ምንም ፈተና እነዳለሁ። ጋሼ ስለ ካናዳዊው ያሉት እኔ ላይ በትክክል ይሠራል፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ የምትፈተኑት እናንተ ናችሁ።

ከበርሚንግሃም፣ የመንዳት አሠልጣኝ

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አስተምሬአለሁና ከሥራዬ የማውቀውን ልናገር።

በመጀመሪያ ማረሚያ። ብስክሌተኛ ወደ ቀኝ ለመዞር በግራ ረድፍ መቆየት የቻለው በ2022 አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው እትምም ሊቆይ እንደሚችልና እንድናሳልፈው ተጽፎ ነበር። በ2022 የተጨመረው ቅድሚያ ስጡት የሚለው ግልጽ ቃልና፣ ከመጽሐፉ መግቢያ ላይ የተቀመጠው ይበልጥ ጉዳት ማድረስ የሚችል ይበልጥ ኃላፊነት አለበት የሚለው ሐሳብ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ሕጉ ከእጅህ ላይ አልተቀየረም፤ በ2016 ስታልፍም እዚያው ነበር። ይህን የምለው ልወቅስህ አይደለም። መልሱን ለፈተና ሸምድደን ከፈተናው በኋላ የምንጥለው ብዙ ነን፤ እንግሊዞቹም እንዲሁ።

ሁለተኛ፣ ጋሼ ስለ «ይገባል» ያሉት ግማሹ ልክ ነው። ይገባል የተባለውን በመጣስ ብቻ ሰው አይከሰስም። ነገር ግን በ1988ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ መሠረት አደጋ ደርሶ ፍርድ ቤት ሲኬድ ያው አንቀጽ እንደ ማስረጃ ይቀርባል። ጥፋተኛው ማን ነበር ተብሎ ሲጠየቅ ዳኛው መጽሐፉን ይገልጣል።

አሁን ወደ ዋናው። ልምድ ያለው ሰው ጀማሪ ከሆነው ይልቅ አደባባይ ላይ የሚቸገርበት ምክንያት አለው። እግሩና እጁ ጎበዝ ናቸው፤ ማርሽ ሲቀይር ሐር ይመስላል። ዓይኑ ግን ይሸሻል። አንድ ትልቅ ሰው፣ እንደ ጋሼ የከባድ መኪና ሹፌር፣ መግቢያው መስመር ላይ በደረስን ቁጥር አንገታቸው መጀመሪያ ወደ ግራ ይዞር ነበር። «ቀኝ፣ ቀኝ» ስላቸው ያፍራሉ። በመጨረሻ መኪናውን አቁመን በእግራችን ወደ አደባባዩ ዳር ሄድን። ሻይ ይዘን ለግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን ተመለከትን፤ ማን ከየት ገባ፣ የማን ፍሬቻ የት ላይ በራ፣ ብስክሌተኛው የት ጋ ቀነሰ። ከዚያ መኪና ውስጥ ስንመለስ አንገታቸው ታረቀ። መሬት ላይ በነጭ ቀለም የተቀባችውን ትንሿን አደባባይም እንዲሁ በእግራችን ሄደን አየን፤ በላይዋ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ብዙ ናቸውና። እሷን ዞሮ ማለፍ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው፤ የማይዞርላቸው ረጃጅም መኪናዎች ብቻ ናቸው የሚፈቀድላቸው።

ሰው ይለወጣል። ኢትዮጵያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1964 ከግራ ወደ ቀኝ ዞራለች፣ ስዊድን ደግሞ በሴፕቴምበር 3 ቀን 1967 በአንድ ንጋት። ያኔ ግን የስዊድን መንግሥት ሕዝቡን በሚገባው ቋንቋ አስተምሮ ነበር። እዚህ የጽሑፉን ፈተና በሌሎች ቋንቋዎች ድምፅ መውሰድ ይቻል የነበረው በ2014 ተቋረጠ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በአማርኛ ይፈተናሉ። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ፈተናው ይኑር፣ ካናዳዊውም አብሮ ይፈተን፣ ትምህርቱ ግን በአማርኛ ይሁን። ትምህርቱን በአማርኛ ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልገንም።

የክርክሩ መነሻ አቅራቢ

መታረሜን እቀበላለሁ። መጽሐፉን እንደገና ከፈትኩትና እንዳልሽው ነው። ያን ብስክሌተኛ ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር። ሁላችንም እንደገና እንፈተን ያልኩትንም ትቻለሁ፤ እኔ ያን ዕለት የጎደለኝ የፈተና ነጥብ አልነበረም፣ ማየት ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፈቃደኛ የሆኑ ሹፌሮችን ይዤ ያን አደባባይ ዳር ቆመን እንመለከታለን። ጋሼ፣ እርስዎም ቢመጡ ደስ ይለናል።

ከሰሜን ለንደን፣ 22 ዓመት በሹፌርነት የሠራ

ስለ ካናዳዊው ያልኩትን አልለውጥም፤ አሠልጣኟም ደግፋኛለች። የስቶክዌሏ ልጄ ስለ ክርኗ የጻፈችውን ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እሑድ እመጣለሁ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ አሠልጣኟ ትመልስልኝ። አደባባይ ውስጥ ብስክሌተኛ ከፊቴ ቀስ ብሎ ይሄዳል እንበል። ከኋላዬ አውቶቡስ ነው፣ ያለማቋረጥ ክላክስ ይነፋብኛል። በጎኑ ልለፍ ብል ቦታው ጠባብ ነው። ምን ላድርግ?

ከበርሚንግሃም፣ የመንዳት አሠልጣኝ

ይንፋ ጋሼ። እርስዎ ከብስክሌተኛው ኋላ ይቆዩ።