የተጠቀለለ ሳይሌጅ ለማንሳት ስፓይክ ይሻላል ወይስ ግራብ?

አራት ኪሎዋ፦
ሰላም ሰላም፣ ትራክተር የምታውቁ እስኪ አማክሩኝ። እኔ ኑሮዬም ስራዬም አራት ኪሎ ነው፣ ላሞቹ ግን ሱሉልታ ናቸው፣ አባቴ ነው የሚይዛቸው፣ ከነጊደሮቹ 40 ይሆናሉ። ዘንድሮ ድርቆሹን ቀነስ አርገን በፕላስቲክ የተጠቀለለውን ትልቁን ክብ ሳይሌጅ (አየር ሳያገኘው ታፍኖ የሚቆየውን እርጥብ መኖ) ልንጀምር ነው፣ ወርዱም ቁመቱም 1.2 ሜትር የሆነውን ጥቅል፣ ቤል የሚሉትን። ትራክተራችን 75 የፈረስ ጉልበት ማሲ ነው፣ ፊቱ ላይ ሎደር (ማንሻ ክንድ) የለውም። መርካቶ ስጠይቅ አንዱ ከኋላ የሚገጠም፣ እንደ ጦር ወግቶ የሚያነሳ ስፓይክ ይበቃሻል ይለኛል፣ ሌላው በሁለት ክንድ አቅፎ የሚያነሳውን ግራብ ካልገዛሽ ብርሽን ጣልሽው ይላል፣ ሌላ ደግሞ ቤሉን እየበጣጠሰ የሚያቀርበውን ማሽንም ጨምሪበት አለኝ። የዋጋው ልዩነት ቀላል አይደለም፣ የቱን ልያዝ?

ቶርኖ ቤት፦
እህቴ መጀመሪያ ቤሉ የት እንደሚጠቀለል ንገሪን፣ ሁሉም ነገር እሱ ላይ ነው ያለው። ሳይሌጅ አየር ካገኘ ይሻግታል፣ ስፓይክ ደግሞ ፕላስቲኩን ይበሳዋል። እዛው ማሳችሁ ላይ ታስሮ መከመሪያው ቦታ ከሆነ የሚጠቀለለው፣ ሳይጠቀለል በስፓይክ ታመጡታላችሁ፣ ከዛ የምትነኩት ለላም በሚቀርብበት ቀን ስለሆነ ቢበሳም ግድ የለም። ተጠቅልሎ በመኪና የሚመጣ ከሆነ ግን እያንዳንዱን ቀዳዳ በቴፕ ስትለጥፉ ልትኖሩ ነው፣ አንዱ ካመለጠ ቤሉ አለቀ።

አራት ኪሎዋ፦
ተጠቅልሎ ነው የምንገዛው፣ በአይሱዙ ነው የሚመጣልን

ቶርኖ ቤት፦
በቃ ግራብ ነው፣ አትጠራጠሪ። ግን ክብደቱን እንደ ድርቆሽ እንዳታስቢው፣ በዚህ መጠን እንደ እርጥበቱ ከ550 እስከ 750 ኪሎ ይመዝናል። የትራክተሩ መጽሐፍ ላይ ይሄን ያህል ያነሳል ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ የኋላ ክንዶቹ ጫፍ ላይ ተለክቶ ነው፣ የቤሉ መሀል ደግሞ ከዛ ከግማሽ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ይርቃል፣ ስለዚህ የሚያነሳው ከተጻፈው ያነሰ ነው፣ የግራቡ የራሱ ክብደትም አለ። ከትራክተሩ ክብደት ቢያንስ 20 በመቶው የፊት ጎማዎቹ ላይ መቅረት አለበት፣ አለዚያ መሪው አይታዘዝም፣ ፊቱ ላይ ክብደት ይታሰርለት። ክንዶቹ ክብ ቱቦ ይሁኑ፣ የብየዳ ትርፍ ካላቸው በግራይንደር አስመቺያቸው፣ ፕላስቲኩን የሚቀደው እሱ ነው። ምናልባት ወደፊት ስፓይክ ካስፈለገሽም በፌሮ እንሰራልሻለን የሚሉሽን አትስሚ፣ ይጎብጣል።

የወተት ሰው፦
በጣጣሽ ማሽን የተባለውን ተዪው። ላሞቹ በአማካይ በቀን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ቢበሉ ለ40 ከ600 እስከ 800 ኪሎ ነው፣ ያው አንድ ቤል ማለት ነው። መመገቢያው ራስጌ ላይ አቁሞ ፕላስቲኩንና ከስር ቤሉ የታሰረበትን መረብ ገፎ በመንሽ እያነሱ ማደል ይቻላል። 20 ላም ቢሆን ኖሮ አንዱ ቤል ሁለት ቀን ይቆይና መሞቅ ይጀምር ነበር። መረቡን ግን አደራ፣ ቁራጭ እንኳን እንዳይቀር፣ ላሟ ከዋጠችው ሆዷ ውስጥ ይቀራል። የሻገተውንም አውጥታችሁ ጣሉት፣ በተለይ እርጉዞቹ አይንኩት፣ በተበላሸ ሳይሌጅ የሚመጣው ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ያስወርዳል። ስትከምሩ ደግሞ በጠፍጣፋው ጎን አቁሙት፣ ፕላስቲኩ እዛ ጋ ነው የሚደራረበው።

ሹፌሩ፦
ስለ ማውረዱ ማንም አላነሳም እኮ! የኋላ ክንድ የአይሱዙን ጭነት ከላይ አንስቶ ለማውረድ ከፍታው አይበቃውም፣ ወጣቶቹ ደግሞ ዝም ብለው ገፍተው ሊጥሉት ይፈልጋሉ። እባክሽ አባትሽ እንዳይፈቅዱ። በ2010 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ዴቨን ውስጥ ከዳገታማ እርሻ የተንከባለለ 600 ኪሎ ገደማ ቤል መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና መትቶ ሹፌሩን ገድሏል፣ ሱሉልታም ዳገት አያጣም። በአይሱዙው ወለል ልክ የአፈር መደብ ይሰራ፣ በደንብ ይደልደል፣ ትራክተሩ በአንድ ጎን ወጥቶ ከጠርዙ ያቅፈዋል። ሲሄድ ቤሉን ዝቅ አድርጎ ይያዝ፣ ዳገቱን አግድም አይቁረጥ።

አራት ኪሎዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ መደቡን ነገ ለአባቴ እነግረዋለሁ። የማሲው የሃይድሮሊክ መውጫ አንድ ብቻ ነው፣ ለግራቡ ይበቃል?

ቶርኖ ቤት፦
ዳብል አክቲንግ (በሁለት ቱቦ ዘይቱን በሁለቱም አቅጣጫ የሚገፋ) ከሆነ አንድ ይበቃል፣ ክንዱን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። ግራቡን ከመግዛትሽ በፊት የፔርኖውን (የማያያዣ ፒኑን) ውፍረት ከትራክተሩ ክንድ ቀዳዳ ጋር ለክተሽ ሂጂ።