ከሪስክ አድቫይዘሪ ወደ ስትራቴጂ ኮንሰልቲንግ፦ ያለ ኤምቢኤ ይቻላል ወይ?

ገና_ሁለት_ዓመት፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ ትንሽ ይረዝማል ግን ይቅርታ፣ ቢሮ ውስጥ ይሄን የማወራው ሰው የለኝም።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ አንድ ትልቅ የኦዲትና የአድቫይዘሪ ድርጅት ሪስክ አድቫይዘሪ ክፍል ገባሁ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስራው የደንበኛን የውስጥ ቁጥጥር መፈተሽ ነው፣ 25 ግብይት ናሙና እወስዳለሁ፣ ማን አጸደቀው መቼ አጸደቀው ፊርማ አለው ወይ እያልኩ ኤክሴል ላይ እሞላለሁ፣ ስክሪንሾት አያይዛለሁ፣ ሲኒየሩ ያያል፣ ማናጀሩ ያያል፣ ሪፖርቱ ይወጣል፣ በዓመቱ ስንመለስ ያው ግኝት እዛው ቁጭ ብሎ እናገኘዋለን።

ስራው አይረባም እያልኩ አይደለም፣ ብዙ ተምሬበታለሁ። ግን ባለፈው አንድ ደንበኛ ጋ የግዢ ሰነድ ሳይ አንዱን እቃ ከሦስት አቅራቢ በሦስት የተለያየ ዋጋ እየገዙ ነው። ፊርማው ሁሉ የተሟላ ነው፣ ስለዚህ በኛ ፈተና አልፏል። ለማናጀሬ ስነግረው ጎበዝ፣ ጥሩ አይተሻል፣ ግን ከስኮፓችን (ከተሰጠን የስራ ወሰን) ውጪ ነው አለኝ። ያን ቀን ቤት ገብቼ ማልቀስ ነው የቀረኝ።

ስትራቴጂ ኮንሰልቲንግ (ኩባንያዎችን በትልልቅ ውሳኔዎቻቸው ላይ ማማከር) መግባት እፈልጋለሁ። ያለ ኤምቢኤ (የቢዝነስ ማስተርስ ዲግሪ) ይቻላል? የራሳችን ድርጅት ስትራቴጂ ክፍል አለው፣ በውስጥ ዝውውር ይሻላል ወይስ በቀጥታ ውጪ ላመልክት? የሁለት ዓመት ልምዴስ ይቆጠርልኛል?

---

ከኦዲት_የመጣሁ፦

እህቴ የኔን ታሪክ ነው የጻፍሽው። እኔም ከዛው ዓይነት ስራ ነው የወጣሁት፣ ለዛውም በሁለተኛው ሙከራ።

ስለ ውስጥ ዝውውሩ አንድ ነገር እወቂ። የትልልቆቹ ኦዲት ድርጅቶች ስትራቴጂ ክፍሎች አብዛኞቹ በግዢ የመጡ ናቸው፣ ዴሎይት ሞኒተርን እ.ኤ.አ. በ2013 ገዛ፣ ፒደብልዩሲ ቡዝን በ2014 ገዝቶ ስሙን ስትራቴጂ-ኤንድ አለው፣ ኢዋይም ፓርቴኖንን በዛው ዓመት ወሰደ። ስለዚህ ባጁ አንድ ቢሆንም በሩ አንድ አይደለም፣ የራሳቸው ቅጥር አላቸው የራሳቸው የኬዝ ኢንተርቪው (አንድ የቢዝነስ ችግር ሰጥተው እዛው እንድትፈቺው የሚጠይቁበት) አላቸው፣ የውስጥ ሰው ነኝ ብለሽ ኬዙን የሚያስቀርልሽ የለም። ጥቅሙ ሌላ ነው፣ ቡና እንጠጣ ብለሽ ሰዎቹን በአካል ማግኘት ትችያለሽ፣ ፕሮፖዛል ላይ ሰው ሲያንሳቸው ልርዳችሁ ማለት ትችያለሽ። ችግሩ ደግሞ ያንቺ ማናጀር እሺ ካላለ ወራት ይጎተታል፣ የኔ ስምንት ወር ተጎትቶ ቀረ። ሁለቱንም ባንዴ ጀምሪ ነው የምለው።

ኤምቢኤ አሁን አያስፈልግሽም። ከዲግሪ በኋላ በሚገባበት ደረጃ ማመልከት ትችያለሽ፣ ከትልልቆቹ የስትራቴጂ ድርጅቶች ማኪንዚ ቢዝነስ አናሊስት የሚለው፣ ቢሲጂ አሶሺየት፣ ቤይን አሶሺየት ኮንሰልታንት። ልምድሽ ሙሉ በሙሉ ላይቆጠር ይችላል፣ ከአዲስ ተመራቂ ጋር እኩል ልትጀምሪ ነው፣ ያ አያስከፋሽ። ግን አራት አምስት ዓመት ከቆየሽ ለዚህ ደረጃ ትበዢያለሽ ለላይኛው ደግሞ ታንሻለሽ፣ ያኔ ነው ሰው ኤምቢኤ የሚገባው፣ አሜሪካ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ ኢንሲያድ የሚባለው የፈረንሳይ ቢዝነስ ትምህርት ቤት 10 ወር ነው፣ ወጪውም ቀላል አይደለም።

የመጀመሪያው ጊዜ የወደቅኩት ፍሬምወርክ (ችግር መከፋፈያ ዝግጁ ንድፍ) ሸምድጄ ስለሄድኩ ነው። የሆስፒታል ኬዝ ሰጡኝ፣ ህመምተኛ ለምን ረጅም ሰዓት ይጠብቃል ነው ጥያቄው፣ እኔ ገቢና ወጪ ብዬ ለትርፍ ጥያቄ የሚሆነውን ዛፍ መሳል ጀመርኩ። ጠያቂው ዝም ብሎ አየኝ። ቀጣዩን ዓመት መጽሐፍ ዘግቼ ከሰው ጋር ድምጽ አውጥቼ ነው የተለማመድኩት፣ ወደ 40 ኬዝ ሰርቻለሁ። ብቻሽን በሆድሽ የምትሰሪው ኬዝ ሁልጊዜ ያምርልሻል፣ አፍሽ ላይ ሲመጣ ነው ክፍተቱ የሚታየው።

---

ስትራቴጂ_የተውኩ፦

እኔ አራት ዓመት ሰርቼ ወጥቻለሁ፣ ተስፋ ላስቆርጥሽ ሳይሆን አይተሽ እንድትገቢ ነው። ብዙው የጀማሪ ጊዜ ዱ ዲሊጀንስ (ኩባንያ ከመገዛቱ በፊት የሚደረግ ጥናት) ላይ ነው የሚያልቀው፣ አንድ የኢንቨስትመንት ፈንድ አንድ ኩባንያ ሊገዛ ያስባል፣ አንቺ በሦስት ሳምንት ያንን የማታውቂውን ገበያ ታጠኚያለሽ፣ ደንበኞች ጋ ትደውያለሽ፣ እስከ ሌሊት ስድስት ሰባት ሰዓት ስላይድ ትሰሪያለሽ፣ ከዛ ፈንዱ በዋጋ አይስማማም፣ ሁሉም ይቀራል። ኤክሴል እዛም አለ፣ ሪፖርት መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ እዛም አለ።

ስለዚህ ምንድነው በትክክል የጎደለሽ? ማናጀሩ ከሆነ ቡድን ቀይሪ። ሰዓቱ ከሆነ እዛ ይብሳል። ነገር ሲለወጥ ማየት ከሆነ ደግሞ አንድ ኩባንያ ውስጥ የስትራቴጂ ወይ የኦፕሬሽን ክፍል ይሻልሽ ይሆናል፣ ያቀረብሽውን ሀሳብ እዛው ሆነሽ ትከታተይዋለሽ።

---

ገና_ሁለት_ዓመት፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ የምሬን። ጥያቄህን ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ማናጀሬ ጥሩ ሰው ነው፣ ሰዓቱም አልከበደኝም። የጎደለኝ ለምን ብዬ መጠየቅ ነው። ፊርማው አለ ወይ ሳይሆን ለምን በሦስት ዋጋ ይገዛሉ የሚለውን ይዤ እስከ መጨረሻው መሄድ እፈልጋለሁ። ግን ኢንተርቪው ላይ ለምን ስትራቴጂ ሲሉኝ ይሄን እንዴት ልበለው? ስራዬን የማማርር እንዳይመስል።

---

ኬዝ_ጠያቂ፦

ለጥቂት ዓመታት ኢንተርቪው አድርጌያለሁ። የሦስቱን ዋጋ ታሪክ ይዘሽ ሂጂ፣ ከዛ የተሻለ መልስ የለም። ተፈታታኝ ነገር እወዳለሁ፣ ቶሎ መማር እፈልጋለሁ የሚል በቀን አስር ሰው እሰማለሁ፣ አንቺ ግን ያየሽው ነገር አለሽ። የደንበኛውን ስም እንዳትጠሪ ብቻ፣ የማናጀርሽንም መልስ እንደ ወቀሳ አትንገሪው፣ ስራችን እዛ ጋ ያበቃ ነበር በይና እለፊው።

ግን አሁን ታሪኩ ግማሽ ነው፣ ቁጥር የለውም። እስቲ ለምሳሌ በየዓመቱ 90,000 ፍሬ ይገዛሉ እንበል፣ ከሦስቱ ከያንዳንዱ 30,000፣ ዋጋው 10፣ 11 እና 13። ጠቅላላ 1,020,000 ከፈሉ። ሁሉንም በ10 ቢገዙ 900,000 ነው፣ 120,000 ይተርፋል፣ ወደ 12 በመቶ ማለት ነው። ይሄን ያለ ካልኩሌተር እያወራሽ መስራት መቻል አለብሽ። ከዛ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያቆመው፣ 12 በመቶ ይቆጠባል ብሎ ዝም ይላል። እኔ የምጠብቀው ቀጥሎ ያለውን ነው፤ ርካሹ አቅራቢ 90,000 የማቅረብ አቅም አለው? ጥራቱ አንድ ነው? በ13 የሚሸጠው ምናልባት በአንድ ቀን ስለሚያደርስ ነው? አንዱ ላይ ብቻ ተደግፈው እሱ ቢቆምባቸውስ? ይሄን መጨረሻውን አንቺ ከሪስክ ስለመጣሽ ከሌላው ቀድመሽ ታይዋለሽ፣ ሁለት ዓመትሽ የሚቆጠረው እዚህ ጋ ነው።

ሌላው፣ ቤቶቹ (ድርጅቶቹ) አይመሳሰሉም። ማኪንዚ ኬዙን ጠያቂው ነው የሚመራው፣ ጥያቄ በጥያቄ ይወስድሻል፣ በተጨማሪ አንድ የግል ታሪክ ይዘው ምን አልሽ፣ እሱ ምን መለሰ፣ ከዛስ እያሉ ወደ ውስጥ ይቆፍራሉ፣ የተፈጠረ ታሪክ እዛ አይቆምም። ቢሲጂና ቤይን አብዛኛውን ጊዜ መሪው አንቺ ነሽ፣ ቀጥሎ ምን እንይ ካላልሽ ዝምታ ነው። ከወደቅሽ ቶሎ አያስገቡሽም፣ ብዙ ጊዜ ዓመትና ከዛ በላይ ያስጠብቁሻል፣ ስለዚህ በጣም የምትፈልጊውን ቤት መጀመሪያ አታመልክቺ።

---

ገና_ሁለት_ዓመት፦

የሂሳቡን ነገር ወደ ደንበኛው ፋይል ተመልሼ በትክክለኛው ቁጥር ለራሴ እሰራዋለሁ። በውስጥ በኩልም ስትራቴጂ ክፍል ያለችውን አንዲት ልጅ ነገ ላናግራት ነው። ኬዝ አብሮኝ የሚለማመድ ሰው ግን እስካሁን የለኝም።

---

ከኦዲት_የመጣሁ፦

እኔ አለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። እሁድ ማታ ካመቸሽ በሆስፒታሉ ኬዝ እንጀምር።