«ሥራው ራሱ ስፖርት ነው» ላላችሁ

ቀይ ቆብ፦ ትናንት አንዱ እዚሁ ግሩፕ ላይ «ጫኝና አውራጅ ስፖርት አያስፈልገውም፤ ሥራው ራሱ ስፖርት ነው» ብሎ ጽፎ ስንቱ ላይክ አደረገለት! ታዲያ ወገቡን ይዞ የሚያቃስተው ማን ነው?

አለቃ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። ጫኝ ይህንን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ ቁጠረው።

ሚዛን፦ ደቂቃውማ ይሞላል። ሩጫ ግን የልብ ምትን ለግማሽ ሰዓት ከፍ አድርጎ ይለቀዋል፤ ሸክም ምቱንም ግፊቱንም ለሰዓታት ይዞ ይውላል፣ ማገገሚያ የለውም። ደግሞ ያው መመሪያ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን በሙሉ የሚያጠነክር ልምምድ ይላል። እሱን ዘለልከው?

ቀይ ቆብ፦ «ሥራው ራሱ ስፖርት ነው»! ስፖርተኛ ሲደክመው ያርፋል፤ ጫኝ ሲደክመው ፎርማን ይጮህበታል።

የደህንነት ሰው፦ ጡንቻ ብቻውን ማንንም አያድንም። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ናዮሽ በእጅ ለሚነሳ ዕቃ ያወጣው የክብደት ገደብ ቀመር ሁሉ ነገር ተመቻችቶ እንኳ ከ23 ኪሎ አያልፍም። ዕቃው ከቁርጭምጭሚት መስመር 25 ሳይሆን 50 ሳንቲሜትር ከራቀ ገደቡ 11.5 ኪሎ ይሆናል። ከወለል ማንሳት፣ መጠማዘዝ፣ መደጋገም ሲጨመርበት ደግሞ እየወረደ ይሄዳል። መጀመሪያ ዕቃውን 75 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አስቀምጡለት፣ ከዚያ ስለ ስፖርት እናውራ።

ሚዛን፦ ይሄ «ከዚያ» የሚሉት ነገር! መደርደሪያው እስኪሠራ ሰውየው አቅሙን አይገንባ? አቅም ያለው ሰው ያው ሸክም ከጉልበቱ ትንሽ ድርሻ ነው የሚወስድበት፤ ቶሎ አይዝልም፣ እግሩም አይስትም።

አለቃ፦ ጠዋት ጠዋት እናፍታታቸዋለን እኮ።

ሚዛን፦ ሰውነት ሳይሞቅ ባሉበት ቆሞ ጡንቻ መሳብና መወጠር ጉዳት እንደሚከላከል ማስረጃው ደካማ ነው። 5 ደቂቃ በፍጥነት ያራምዷቸው፣ ትከሻ ያዙሩ፣ ባዶ እጃቸውን ቁጭ ብድግ ይበሉ፤ ሥራውንም ከቀላሉ ዕቃ ይጀምሩ።

የሌሊት ፈረቃ፦ ደቂቃው ከሥራ ሰዓት ነው ወይስ ቀድመን ገብተን?

አለቃ፦ ለራሳቸው ጤና ነው እኮ፣ ቀድመው ቢገቡ ምናለበት?

ቀይ ቆብ፦ 😂😂 «ሥራው ራሱ ስፖርት ነው» ያልከን አንተ አይደለህ? እንግዲያ ስፖርቱም ሥራ ነው፣ ክፈል!

አለቃ፦ ጋሪ ገዝተንላችኋል፣ ሌላ ምን ቀረ?

የሌሊት ፈረቃ፦ የፊት ጎማው የማይዞረውን ነው? እሱን ከመግፋት መሸከም ይቀላል።