ብዊንዲ ጫካ ውስጥ ወፉ ቢኖርም አይታየኝም፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ኡጋንዳ፣ ብዊንዲ ጫካ ዳር ያለችው ሩሂጃ ነው። የቀረኝ ሁለት ቀን ብቻ ነው።

የመጣሁት አፍሪካን ግሪን ብሮድቢል ለሚሉት ወፍ ብዬ ነው። ትንሽ፣ እንደ ቅጠል አረንጓዴ። ከዚህና ከምሥራቅ ኮንጎ ተራሮች በቀር የትም አይገኝም። ትናንት ከአስጎብኚው ጋር ወደ ሙብዊንዲ ረግረግ ወረድን። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ መመለሻው ደግሞ ትንፋሽ ያሳጥራል። አስጎብኚው ሁለቴ «ያውልህ!» ብሎ ጠቆመኝ። ቅርንጫፉን በዓይኔ አየዋለሁ፤ ባይኖኩላሩን (የሩቅ ማያ መነጽሩን) ሳነሳ ግን ቅጠል በቅጠል ይሆንብኛል። እስካገኘው ወፉ ሄዷል። እንባዬ ሊመጣ ነበር።

ባይኖኩላሬ 10 በ42 ነው፤ ማለትም 10 እጥፍ ያጎላል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 42 ሚሊሜትር ነው። በጣም ማጉላቱ እይታውን አጥብቦብኝ ይሆን? አብሮኝ ያረፈ ሰው 8 በ42 አለው፤ ላውሰው? ሌላው ችግር ጭጋጉ ነው። ሌንሱ ቶሎ ቶሎ ይደበዝዛል፣ ስጠርገው ይብሳል። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ደግሞስ ዛፉ አናት ላይ ያለን ወፍ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ መነጽሩ ውስጥ የምታስገቡት እንዴት ነው?

ለዓመታት የተመኘሁት ወፍ ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ እንደገና እንወርዳለን። የምታውቁ ዛሬ ማታ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።