ኦዞን የሚያመነጭ ማሽንና የእህቴ ሳል

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦
ታናሽ እህቴ በአንድ ፔንሲዮን አልጋ ታነጥፋለች። የቤቱ ባለቤት የሲጋራ ሽታ እንዲያጠፋላቸው ኦዞን የሚያመነጭ ማሽን ገዝተዋል። በብርዱ ምክንያት መስኮት ስለማይከፈት፣ እህቴ ማሽኑ እንደጠፋ ገብታ አንሶላ ትቀይራለች። ከዚያ በኋላ ደረቅ ሳል ይይዛታል፤ በረጅሙ ስትተነፍስም ደረቷን ይወጋታል፤ በማግስቱ ግን ይተዋታል። ባለቤቱ «ከፀሐይ የሚጠብቀን ኦዞን እንዴት ይጎዳል?» ይላሉ። እውነት ጉዳት የለውም?

ነርስ (ባሕር ዳር)፦
ጉዳት አለው። ጋዙ ያው ነው፤ ነገር ግን ከፀሐይ ጨረር የሚከልለን ከምድር ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲሆን፣ የእህትዎ ወደ ሳንባ የሚሳብ ነው። ኦዞን በውኃ በቀላሉ ስለማይሟሟ አብዛኛው በአፍንጫና በጉሮሮ እርጥበት ተይዞ አይቀርም፤ እስከ ቀጫጭኖቹ የአየር ቧንቧዎች ይወርዳል። እዚያ የቧንቧውን ውስጠኛ ገጽ የሸፈነው ስስ ፈሳሽ እንደ ቫይታሚን ሲ ባሉ ተከላካዮች ይመክተዋል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ኦዞኑ ከፈሳሹ ቅባት ጋር ተዋህዶ ሌሎች ጎጂ ውሁዶችን ይፈጥራል፣ እነዚህም አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉትን ሕዋሳት ሳይቀር ይጎዳሉ። የተጎዱት ሕዋሳት በሚልኩት ምልክት ነጭ የደም ሕዋሳት ይጎርፋሉ፣ ቧንቧውም ይቆጣል።

ውጋቱ የሚመጣው ኦዞን የሳንባን ነርቮች ስለሚቆሰቁስ ነው፤ ሰውነት ራሱ ረጅም ትንፋሽን ይከለክላል። ይህ ቶሎ ይለቃል። የነጭ ሕዋሳቱ መጉረፍ ግን የሚበረታው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ፣ ሳሉ ተወ ማለት ሳንባው ዳነ ማለት አይደለም። እንዲያውም በተከታታይ ቀናት የተጋለጠ ሰው ሕመሙ እየቀነሰለት፣ የሕዋሳቱ ጉዳት ሊቀጥል ይችላል። አስም ካለባት ጨርሶ አትግባ።

የኬሚስትሪ መምህር (ፍኖተ ሰላም)፦
አፍንጫ ሽታውን ስለሚለምደው «አልሸተተኝም» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። የአንሶላውን ላስቲክ ለጠጥ አድርገው ይዩት፤ ኦዞን የተወጠረ ጎማን ስለሚበላ ጥቃቅን ስንጥቆች ሊታዩ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው መጠን በ8 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 100 ማይክሮግራም ነው፤ ሽታ እስኪጠፋ የሚለቀቀው ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

ጠያቂ፦
ጭንብል ብታደርግስ? ባለቤቱ ማሽኑን አይተዉም።

የሆቴል ጥገና ሠራተኛ (ባሕር ዳር)፦
ተራው የሕክምና ጭንብል ጋዝ አያግድም። ማሽኑ የግድ ከሠራ ሰው በሌለበት ይሁን፤ ከጠፋ በኋላም ብርዱ ቢከፋ እንኳ በርና መስኮቱ ተከፍቶ ክፍሉ በደንብ ይናፈስ። እኛ ግን መጋረጃውንና ብርድ ልብሱን አሳጥበን፣ ግድግዳውን በሳሙና ውኃ ስናስወለውል ሽታው ስለለቀቀ ማሽን አላስፈለገንም። ለባለቤቱም ይህ ሳይረክስ አይቀርም።

ነርስ (ባሕር ዳር)፦
ትንፋሿ ሲር ሲር የሚል ወይም የሚያጥራት ከሆነ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ስለ ማሽኑም ሳይጠይቋት ትናገር፤ አለዚያ ጉንፋን ነው ተብላ ልትመለስ ትችላለች።