ምስክርን የገደለ ሰው ከሞት ቅጣት መትረፍ ነበረበትን? በኮሎራዶው ጉዳይ ላይ የተደረገ ክርክር

ጉዳዩን ያቀረበው፦
እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2004 በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት በኦሮራ ከተማ፣ ሎውሪ በሚባል መናፈሻ በተደረገ ድግስ ላይ አንድ ወጣት በጥይት ተገደለ። ጃቫድ ማርሻል ፊልድስ እዚያው ቆስሎ ተረፈ፤ በግድያው ተባባሪነት በተከሰሰው ሰው ላይም ሊመሰክር ተዘጋጀ። ችሎት ሊቀርብ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጁን 20 ቀን 2005 ከእጮኛው ከቪቪያን ዎልፍ ጋር በመኪና ሲሄዱ ተተኮሰባቸውና ሁለቱም በ22 ዓመታቸው ሞቱ። ሁለት ሰዎች ጥፋተኛ ተብለው አንደኛው በ2008፣ ሌላኛው በ2009 ሞት ተፈረደባቸው። በማርች 2020 ግን ገዥው ጃሬድ ፖሊስ (ስማቸው ነው እንጂ ሥራቸው አይደለም) የሞት ቅጣትን የሚሽረውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ የሚመለከተው ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ የሚቀርቡ ክሶችን ብቻ ስለነበር የቀድሞዎቹን ፍርደኞች አይነካም ነበር፤ ገዥው ግን በዚያው ዕለት በሥልጣናቸው የእነዚህን የሁለቱንና በሌላ ጉዳይ ሞት የተፈረደበትን የሦስተኛ ሰው ቅጣት በአመክሮ ወደማይፈታ የዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት። እኔ ተሳስተዋል እላለሁ። አንድ ሰው ለመጀመሪያው ወንጀል ዕድሜ ልክ የሚጠብቀው ከሆነ፣ ምስክሩን ቢገድል ምን ይጨመርበታል? ሁለተኛው ደም በነፃ ፈሰሰ ማለት ነው።

ከኦሮራ፦
እኔ የምኖረው እዚሁ ኦሮራ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከሃቫና ጎዳና፣ ልጆቹ እስከተገደሉበት እስከ ዴይተን ጎዳና ያለው መንገድ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። ወንድሜ፣ ስሌትዎ በወረቀት ላይ ያምራል፤ ነገር ግን በ2005 የሞት ቅጣት በኮሎራዶ ሕግ ውስጥ ነበር፤ ገዳዮቹንም አላስቆማቸውም። ግዛቲቱ ከ1967 ወዲህ በሞት የቀጣችው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በ1997 ነበር። ጠመንጃ ይዞ የወጣ ሰው በጠበቆች ክርክር ከአሥር ዓመት በላይ የሚጓተት ፍርድ አይታየውም፤ የሚታየው በሚቀጥለው ሳምንት ችሎት ላይ የሚቆመው ልጅ ነው።

መምህርት፦
ስለ ስሌት ከመነጋገራችን በፊት ስለ እናቲቱ እንነጋገር። የጃቫድ እናት ሮንዳ ፊልድስ ሐዘናቸውን ይዘው ቤት አልተቀመጡም፤ በ2010 ለግዛቲቱ ምክር ቤት ተመረጡ፣ በኋላም ሴናተር ሆኑ። የገዥው የራሳቸው ፓርቲ አባል ሆነው ሳለ የሞት ቅጣት እንዳይሻር በ2013ም በ2020ም ተከራክረዋል። የምስክሮችን ጥበቃ ለማጠናከር በ2006 የወጣው የኮሎራዶ ሕግ የተሰየመው በልጃቸውና በእጮኛው ነው። ዳኞች መርምረው፣ ሕዝብ በጁሪ (ከተራው ሕዝብ ተመርጦ በሚፈርድ ጉባኤ) ተቀምጦ የፈረደውን ፍርድ አንድ ሰው በፊርማ ሲለውጠው፣ ለእኒህ እናት ምን ቀረላቸው? ቪቪያን ደግሞ ምስክር እንኳን አልነበረችም፤ ጥፋቷ መኪናው ውስጥ መገኘቷ ነው።

ከኦሮራ፦
እኅቴ፣ የእናቲቱን ሐዘን የሚያቃልል የለም። ገዥውም ቅጣቱን የለወጡት ወንጀለኞቹ ተለውጠዋል ብለው እንዳልሆነ፣ ይልቁንም በኮሎራዶ የሞት ቅጣት በእኩልነት ተፈጽሞ ስለማያውቅ እንደሆነ ገልጸዋል። ይህም ባዶ ቃል አይደለም። ያኔ ሞት ተፈርዶባቸው የነበሩት ሦስቱም ጥቁሮች ናቸው፤ ሦስቱም የተማሩት በኦሮራ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በ2012 በዚሁ ከተማ ሲኒማ ቤት ገብቶ 12 ሰዎች የገደለው ነጭ ወጣት በ2015 በዚያው አውራጃ ፍርድ ቤት ቀርቦ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ጁሪው በሞት ፍርዱ ላይ በሙሉ ድምፅ ሊስማማ አልቻለም። አሥራ ሁለት ሰው የገደለ እየኖረ ሌላው ይሙት ስንል፣ የምንለካው በምን ሚዛን ነው?

የወንጀል ጠበቃ፣ ከአዲስ አበባ፦
የሁላችሁንም በጥሞና አነበብሁ፤ ክርክሩ ግን ገዳዩ በምን ይቀጣ በሚለው ላይ ብቻ ስለቀረ አንድ ነገር የዘለላችሁ ይመስለኛል። ምስክር የሚገደለው ለጥቅም ነው። ጥቅሙም ቃሉ ከእርሱ ጋር መቀበሩ ነው። ስለዚህ ሕግ ከሁሉ አስቀድሞ ማድረግ ያለበት ያንን ጥቅም ማሳጣት ነው። በአሜሪካ ሕግ ተከሳሹ ምስክሩን እንዳይመሰክር ብሎ ካስገደለው፣ «ምስክሩን በመስቀለኛ ጥያቄ ልጠይቀው መብቴ ነው» ብሎ መከራከር አይችልም፤ ሟቹ አስቀድሞ የሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት ይችላል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2008፣ ይህ የሚሆነው ግድያው ምስክርነትን ለማስቀረት ታስቦ መፈጸሙ ሲረጋገጥ እንደሆነ ወስኗል።

በእኛም አገር ያልታሰበበት ነገር አይደለም። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 539 የተፈጸመን ወንጀል ለመደበቅ የሚደረግን ግድያ ከባድ የሰው ግድያ ብሎ፣ ቅጣቱን ዕድሜ ልክ ወይም ሞት አድርጎታል፤ የሞት ፍርድም በርዕሰ ብሔሩ ካልጸና አይፈጸምም፤ ስለዚህ የገዥው ፊርማ ያስደነገጣችሁ ሰዎች እንዲህ ያለው ሥልጣን በቤታችንም እንዳለ ልብ በሉ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 144፣ በቀዳሚ ምርመራ (ዋናው ክስ ከመሰማቱ በፊት በፍርድ ቤት በሚደረግ ምስክር መስማት) ቃሉን የሰጠ ምስክር ከሞተ ቃሉ ተነቦ በማስረጃነት እንዲያዝ ይፈቅዳል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 699/2003 ደግሞ ለምስክሮችና ለጠቋሚዎች ጥበቃ ይሰጣል፤ ማንነታቸውን እስከመሰወር ድረስ ይሄዳል። እዚህ ላይ ግን ተከሳሽ የቀረቡበትን ምስክሮች እንዲጠይቅ ከሚፈቅደው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ጋር ይጋጫል፤ እኔም ብዙ ጊዜ ለተከሳሽ የምቆም ሰው ስለሆንሁ፣ ስሙን የማላውቀውን ምስክር እንዴት አድርጌ እንደምጠይቀው አላውቅም። ቀዳሚ ምርመራ ለእኔ ከዚህ ይሻላል፤ ምስክሩ በስሙ ይቀርባል፣ ተከሳሹ ይጠይቀዋል፣ ቃሉ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ እርሱን መግደል መዝገቡን አይገድለውም።

አንድ ያየሁትን ልጨምር። በአንድ የግድያ ጉዳይ ለሟች ቤተሰብ ቆሜ ነበር። ዋናው ምስክራችን አንድ ሸማኔ አዛውንት ነበሩ። መጀመሪያ ሽማግሌ ተላከባቸው፤ በትሕትና፣ ዱላቸውን ተደግፈው «ነገሩን ለእግዚአብሔር ይተዉት» አሏቸው። እንቢ ሲሉ ለሦስት ሌሊት ጣራቸው ላይ ድንጋይ ወረደ። በቀጠሮው ቀን ከተከሳሹ ወንድሞች ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጠባበቁ አየኋቸው፤ ሌላ መቀመጫ አልነበረም። ስማቸው ተጠርቶ ሲገቡ፣ «ያን ቀን ዓይኔ ደክሞ ነበር» አሉ። ማንም አልገደላቸውም፤ ሰው መግደል እንኳን አላስፈለገም።

ጉዳዩን ያቀረበው፦
የጠበቃውን ነጥብ እቀበላለሁ፤ አቋሜን ግን ሙሉ በሙሉ አልተውሁም። ቃል አስቀድሞ መመዝገቡ የሚያስቆመው አስቦ፣ አስልቶ የሚገድለውን ነው፤ በቂም የሚገድለው የትም አለ፤ ለእርሱ ከባዱ ቅጣት ይቅር ማለት አይሆንልኝም። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የሸማኔው ጉዳይ እንዴት አለቀ?

የወንጀል ጠበቃ፣ ከአዲስ አበባ፦
ተከሳሹ በነፃ ተለቀቀ። ቤቱ ከአዛውንቱ ቤት አጥር ይጋራል፤ አሁንም ጠዋት ጠዋት ሰላምታ ይለዋወጣሉ።