የቲክቶክ ቪዲዮ ዜና ከመሆኑ በፊት ምን ይጣራ?

ጥያቄ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ወሬውን ቀድሞ የሚሰማው ከቲክቶከሮች ሆኗል። «ሐረጎ ላይ (በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው ተራራማ መንገድ) መንገድ ተዘጋ» የሚል ቪዲዮ ሲለቀቅ ሬዲዮ ዝም ካለ አድማጭ ይቆጣል። ሳይዘገዩ ማጣራት የሚቻለው እንዴት ነው?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሊንኩንና የተለቀቀበትን ሰዓት ያዝ፤ ባለቤቱ ሊያጠፋው ይችላል። ከዚያ ድምፁን ዘግተህ ተመልከት። ቲክቶክ ላይ የአንዱ ቪዲዮ ድምፅ ለሌላው ስለሚለጠፍ ጩኸቱ ማስረጃ አይሆንም። ሦስት አራት ቦታ አቁመህ ስክሪንሾት አንሳና በጎግል ሌንስ (በምስል መፈለጊያው) ፈልግ፤ የቆየ የክረምት ናዳ እንደ አዲስ ይዞራል። ፍለጋው ምንም ካላመጣ ግን ቪዲዮው አዲስ ነው ማለት አይደለም። ቀራጩን ካገኘኸው በቴሌግራም «እንደ ፋይል ላክልኝ» በለው። እንደ ተራ ቪዲዮ ከመጣ ተጨምቆ ነው፤ የተቀረጸበት ቀንም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

መልስ 2፦ ቦታውንም እዩ፦ የተራራው ጠርዝ፣ የመንገዱ ጠመዝማዛ፣ ታፔላ። ከዚያ ከደሴም ከኮምቦልቻም በኩል ለመናኸሪያና ለትራፊክ ፖሊስ ደውሉ። «በዓይንህ አይተሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱም ያንኑ ቪዲዮ አይተው የሚያወሩ ከሆነ ምንጩ አንድ ነው። ብዙ ጊዜ ስህተት የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

መልስ 3፦ ቲክቶከሮቹም ይህን ይወቁ፦ የ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለውን ገጽ በቅጣት ከሬዲዮና ከጋዜጣ ጋር እኩል ያያል። እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው። ከተሳሳታችሁ ደግሞ ቪዲዮውን በዝምታ አታጥፉ፤ እርማቱን በዚያው ገጽ ልቀቁና ከላይ ፒን አድርጉት።